እንቅልፍ እምቢ ሲል፦ ጠዋቱን አስተካክሎ ሌሊቱን ማግኘት

እንቅልፍ ያጣ ሰው መጀመሪያ የሚወስደው እርምጃ ብዙ ጊዜ ነገሩን ያከፋዋል። ትናንት ስላልተኛ ዛሬ በጊዜ ይጋደማል፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት አልጋ ላይ ወጥቶ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ይገላበጣል። ጠዋት ዓይኑን ለመግለጥ ቡና ይደጋግማል፣ ከሰዓት በኋላ ወንበር ላይ ያንቀላፋል፣ እሑድ ረፋዱን ሁሉ ተኝቶ ያረፍዳል። ወሩ ሳያልቅ ከጎረቤት ኪኒን ይዋሳል። ሁሉም ለመድኃኒት የተደረጉ ናቸው፤ ሁሉም ግን የሚቀጥለውን ሌሊት ይሰርቃሉ።

ስለዚህ የዚህ መመሪያ ቅደም ተከተል ከለመድነው የተገለበጠ ነው። በመነሻ ሰዓት ይጀምራል፣ ወደ ቡናና ወደ እራት ያልፋል፣ አልጋው ዘንድ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ደረጃዎቹን አይዝለሉ፤ አንዱ ሳይጸና ሌላውን አይደርቡበት። ሰዓቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ችግሩ የትኛው ነው?

ሐኪሞች እንቅልፍ ማጣት የሚሉት ሦስት ነገር ሲገጥም ነው። ለመተኛት በቂ ጊዜና ምቹ ቦታ እያለ እንቅልፍ አልመጣ ማለቱ፣ መቆራረጡ ወይም ያለጊዜው መንቃቱ አንድ፤ ይህም የቀን ሥራን ማበላሸቱ ሁለት፤ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ሌሊት መደጋገሙ ሦስት። ሦስት ወር ካለፈው ሥር የሰደደ ይባላል። ለቅሶ የተቀመጠ፣ ሰርግ የደገሰ ወይም ፈተና የደረሰበት ሰው ጥቂት ሌሊት ባይተኛ በሽታ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ሰው ከታች ካሉት ደረጃዎች የመነሻ ሰዓቱን ብቻ ቢጠብቅ ይበቃዋል። አብዛኛው አዋቂ 7 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። ይሁን እንጂ 6 ሰዓት ተኝቶ ቀኑን ንቁ ሆኖ የሚውል ሰው ስምንት አልሞላልኝም ብሎ ባይጨነቅ ይሻለዋል።

ከሚከተሉት አንዱ ካለብዎ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

- ከባድ ማንኮራፋት፣ በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ መቋረጥ፣ ታፍኖ መንቃት፣ ቀን ተቀምጦ ማሸለብ። ይህን ራስዎ አያውቁትም፤ አጠገብዎ የሚተኛውን ሰው ይጠይቁ።
- ማታ ማታ እግር ውስጥ የመውረር ወይም የመነዝነዝ ስሜት፣ ሲራመዱ የሚተው። በተለይ በነፍሰ ጡሮችና የወር አበባ በሚበዛባቸው ሴቶች ላይ የብረት ማዕድን እጥረት ሊኖር ስለሚችል ደም ይመርመሩ።
- ልብ መምታት፣ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ያለ ምክንያት መክሳት። እንቅርት ካለብዎ ደግሞ ይህን ፈጽሞ ችላ አይበሉ።
- ሲጋደሙ ትንፋሽ ማጠር፣ የሌሊት ሳል፣ ከብዙ ጥም ጋር ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት መነሳት።
- ለቀናት ሳይተኙ ድካም አለመሰማት፣ ከልክ ያለፈ ደስታና ንግግር፣ ገንዘብ መበተን።
- ባለፉት ዓመታት ካዩት ወይም ከሰሙት ነገር የተነሳ በድንጋጤ መንቃት፣ ተኩስ የሰሙ መስሎ መባነን፣ ያንኑ ቅዠት ደጋግሞ ማየት።
- ሕይወትን የመጥላት ሐሳብ። ይህ ነገ አይባልም፤ ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ይንገሩና አብረው ወደ ሕክምና ይሂዱ።

በከተማችን፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለ። ጸበል የሚጠመቁ ከሆነም ይጠመቁ፤ ነገር ግን የታዘዘልዎትን መድኃኒት አያቋርጡ። ሁለቱን የሚያጣላቸው ሰው እንጂ እነርሱ አልተጣሉም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ በፌስታል ይዘው ፋርማሲ ይሂዱና «እንቅልፍ የሚነሳ አለበት? ወደ ጠዋት ማዛወር ይቻላል?» ብለው ይጠይቁ። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ ብግነት የሚቀንሱ መድኃኒቶችና ሽንት የሚያበዙ የግፊት ኪኒኖች ማታ ሲወሰዱ ሌሊቱን ያበላሻሉ። በራስዎ ሥልጣን ግን ሰዓታቸውን አይለውጡ።

ደረጃ 1፦ ደብተር ይያዙ

ቢያንስ ለ7 ቀን፣ ቢቻል ለ14 ቀን ምንም ነገር ሳይለውጡ ይመዝግቡ። ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ ደረጃ 7 ላይ ሲደርስ ግን የሚያሰላበት ቁጥር ያጣል። በየጠዋቱ፣ ፊትዎን ከታጠቡ በኋላ፣ እነዚህን ይጻፉ፦

1. አልጋ ላይ የወጡበት ሰዓት።
2. እንቅልፍ ለመምጣት የወሰደው ጊዜ፣ በግምት።
3. ሌሊት ስንት ጊዜ ነቁ? በድምሩ ምን ያህል ጊዜ ነቅተው ቆዩ?
4. ለመጨረሻ ጊዜ የነቁበትና ከአልጋ የወረዱበት ሰዓት፤ ሁለቱ ይለያያሉ።
5. ትናንት የመጨረሻውን ቡና ወይም ሻይ የጠጡበት ሰዓት፣ የእራት ሰዓት፣ ጠላ ወይም አረቄ ከነበረ እርሱም።
6. ቀን ካንቀላፉ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት።

ማስጠንቀቂያ፦ ሌሊት አይጻፉ፣ ሰዓትም አይመልከቱ። «9 ሰዓት ሆነ፤ የቀረኝ ሦስት ሰዓት ብቻ ነው» የሚለው ስሌት ብቻውን ልብን ያነቃል። ስልክዎን ወይም የእጅ ሰዓትዎን ከእጅ በማይደርስበት ቦታ፣ ፊቱን አዙረው ያስቀምጡ። ግምቱ በሩብ ሰዓት ቢሳሳት ምንም አይደለም።

ደረጃ 2፦ የመነሻ ሰዓት ይቁረጡ

አንድ ሰዓት ይምረጡ፤ ለሰባቱም ቀን ያው ይሁን። የመኝታ ሰዓትን በትእዛዝ ማምጣት አይቻልም፤ የመነሻ ሰዓት ግን በእጅዎ ነው። ለብዙ የከተማችን ሠራተኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይስማማል።

ከተነሱ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደጅ ይውጡና ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በብርሃን ይቆዩ። ጎንደር ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከጠዋቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትወጣለች፤ ስለዚህ ለሥራ ሲወጡ ግማሹን መንገድ በባጃጅ ሳይሆን በእግር መሄድ ብቻ ሊበቃ ይችላል። አንጎል ውስጥ ያለው የሰውነት ሰዓት የሚሞላው ዓይን በሚያየው ብርሃን ነው፤ ጠዋት ያገኘው ብርሃን ማታ የሚያንቀላፋበትን ሰዓት ይወስንለታል። መስኮት አጠገብ መቀመጥ አይተካውም። በክረምት ደመና ሲሆንም ይውጡ፤ የደመናው ብርሃን እንኳ ከቤት ውስጥ አምፖል እጅግ ይበልጣል፤ ትንሽ ረዘም አድርገው መቆየት ብቻ ነው።

*የሚበላሸው የት ላይ ነው?* እሑድ ላይ። ኪዳን ለማድረስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሚነሳ ሰው በሥራ ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል የሚነሳ ከሆነ የሰውነቱ ሰዓት በየሳምንቱ ይናጋል። የሥራ ቀኑን መነሻ ወደ 12 ሰዓት ያምጡት፤ ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት አይለፍ። ማኅሌት ቆመው ያደሩ እንደሆነ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ተኩል ላልበለጠ ጊዜ ብቻ ተኝተው ይነሱና በተለመደው የመኝታ ሰዓትዎ ይተኙ። ቀኑን ሙሉ ተኝተው ሊያካክሱት ከሞከሩ ሰኞን ያጣሉ።

«ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም፤ ዛሬ ብቻ ላርፍድ» የሚለው ጠዋት መምጣቱ አይቀርም። ይነሱ። ያ ቀን ከባድ ነው፤ የሚቀጥለው ሌሊት ግን የሚሠራው በዚያ ቀን ድካም ነው። እንዲህ ባለ ቀን መኪና፣ ባጃጅ ወይም ሞተር አይንዱ።

ደረጃ 3፦ ቡናውን ወደ ጠዋት ያዛውሩ

እኛ ዘንድ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ «እኔን ቡና አይነካኝም» የሚለው ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ቡና ጠጥቶ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው አለ፤ እንቅልፉ ግን ይሳሳል፣ ሌሊትም ይነቃል፣ ነገሩን ከቡናው ጋር አያያይዘውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎል ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ ማታ ዓይን የሚከብደው በእርሱ ነው። ካፌይን የአዴኖሲንን መቀመጫ ቀድሞ ይይዝበታል። ድካሙ አልጠፋም፤ መልእክቱ ብቻ አልደረሰም። በአብዛኛው አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ግማሹ ካፌይን ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ጎረቤት የጠጡት ቡና ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሩቡ አለ ማለት ነው። በእርግዝና ጊዜና የእርግዝና መከላከያ ኪኒን በሚወስዱ ሴቶች ላይ ከዚህም ይረዝማል።

1. የመጨረሻው ስኒ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ይሁን። ችግርዎ ከከፋ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት።
2. በድንገት አያቁሙ። በቀን አምስት ስኒ የለመደ ሰው በአንድ ቀን ቢያቆም በማግሥቱ ራስ ምታት ይይዘዋል፤ ድብርቱና ንጭንጩም ሳምንት ሊቆይ ይችላል። በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ ስኒ ይቀንሱ፤ ሲቀንሱ ከማታው ይጀምሩ።
3. አቦሉን ትቶ በረካውን መጠጣት መፍትሔ አይደለም። በረካ ቀጭን ነው፣ ካፌይን ግን አለበት።
4. ሻይንና ኮካ ኮላን ይቁጠሯቸው። በተለይ ጠቆር ብሎ የተፈላ የምሽት ሻይ ይረሳል።
5. ከሰዓት በኋላ ትኩስ ነገር ካማረዎ ሻይ ቅጠል ሳይገባ ጦስኝ ወይም ዝንጅብል የተፈላበት ውሃ ይጠጡ።

ጎረቤት «ኑ ቡና ጠጡ» ብላ ስትልክ ምን ይደረጋል? አይቅሩ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ጨዋታና ሰው ያስፈልገዋል፤ የቡና ሰዓትን ትቶ ቤት መዘጋት ሌላ በሽታ ያመጣል። ረከቦቱ ሳይቀርብ ቀድመው፣ «እትዬ፣ ዛሬ የመጣሁት ለጨዋታውና ለቆሎው ነው፤ ቡናው ሌሊት እንቅልፍ እየነሳኝ ነው» ይበሉ። ስኒው ተቀድቶ እጅዎ ላይ ከደረሰ በኋላ እምቢ ማለት ይከብዳል። ከተቻለ ደግሞ የቅዳሜና የእሑዱን ቡና ወደ ረፋድ እንዲያመጡት ጎረቤቶችዎን ይለምኑ፤ በዚያው ሠፈር ሌሎችም እንቅልፍ ያጡ መኖራቸው የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

*በጾም ወቅት።* በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው የቀኑን የመጀመሪያ ስኒ የሚያገኘው ከ9 ሰዓት በኋላ ነው፤ ሦስቱንም ካዳረሰ እንቅልፉን አጣ። በዚህ ወቅት እህል እንደቀመሱ አንድ ስኒ ብቻ ጠጥተው ያብቁ፤ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ባለው ሳምንትም መጠኑን ቀንሰው ይቆዩ። በረመዳን ደግሞ ማታ ከኢፍጣር በኋላ የሚጠጣውን ቡና ወደ ሱሁር፣ ጎህ ሳይቀድ ወደሚበላው ምግብ፣ ማዛወር ይሻላል።

ጫት ከሰዓት በኋላ እየቃሙ እንቅልፍ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገሩ ሌሊቱን ይዞት ያድራል፤ ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው መጠጥ ደግሞ ሁለተኛ ጉዳት ነው። ሲጋራም አነቃቂ ነው። ሌሊት ነቅተው የሚያጨሱ ከሆነ ከዚያ ይጀምሩ።

ደረጃ 4፦ እራትዎን ያቅልሉ፣ ያስቀድሙ

እራት ከመኝታ ሦስት ሰዓት ያህል ቀድሞ ይበላ። ቅባትና በርበሬ የበዛበት ወጥ በልቶ ወዲያው የተጋደመ ሰው ደረቱን ያቃጥለዋል፤ ብዙዎች «ጭንቀት» የሚሉት የሌሊት መባነን ከጨጓራ ወደ ላይ የሚመለስ አሲድ ሆኖ ይገኛል። ይህ ካለብዎ ሚጥሚጣውን ለምሳ ያድርጉት፤ የአልጋውንም ራስጌ ከእግሮቹ ሥር ጡብ አስገብተው ከፍ ያድርጉ። ትራስ መደራረብ አንገት ያጣምማል እንጂ ይህን አይሠራም።

በጾም ቀን አንዱ ትልቅ ማዕድ ወደ ማታ ይገፋል። ዋናውን ምግብ ጾሙ በሚፈታበት ሰዓት፣ በ9 ሰዓት ግድም፣ ይብሉ፤ ማታ 1 ሰዓት ላይ ቀለል ያለ ነገር፣ ለምሳሌ ትንሽ ሽሮ ከጎመን ጋር፣ ይቅመሱ። ተርቦ መተኛትም አይሆንም። በመኝታ ሰዓት ከራብዎ አንድ ሙዝ ወይም ትንሽ በሶ፣ ከጾም ውጭ ደግሞ አንድ ብርጭቆ ትኩስ ወተት ይበቃል። ወተቱ መድኃኒት ነው እያልኩ አይደለም፤ እንቅልፍ የሚያመጣ ተአምረኛ ምግብ የለም። የሚረዳው ሆድ አለመጮኹና አለመጨነቁ ነው።

ደም ማነስ ካለብዎ ወይም እግርዎን የሚነዘንዝዎ ከሆነ ቡናና ሻይን ከምግብ ጋር አያገናኙ፤ በመካከላቸው ቢያንስ አንድ ሰዓት ይኑር። ሁለቱም ከምስርና ከጎመን የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳያገኘው ያግዳሉ። ሎሚ ወይም ቲማቲም ግን ያግዛል።

አረቄና ጠላ፦ ቶሎ ያስተኛሉ፣ ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ያነቃሉ። ማንኮራፋትንም ያብሳሉ። ከመኝታ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ውሃም ይቀንሱ።

ደረጃ 5፦ ክፍሉን ያዘጋጁ

ጎንደር ደጋማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል። ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ለእንቅልፍ ጥሩ ነው፤ የቀዘቀዘ እግር ግን ያነቃል። ካልሲ ያድርጉ፣ ጋቢውን ከብርድ ልብሱ በላይ ይደርቡ።

ከሰል አያስገቡ። ክፍል ለማሞቅ የተቀጣጠለ ከሰል ይዞ መተኛት ይገድላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የሚመረዝ ሰው እየታፈነ መሆኑን ሳያውቅ ይተኛል። ፍሙ የጠፋ መስሎ አመድ ቢለብስም ያው ነው። ማንደጃው ከነአመዱ ውጭ ይደር።

ሌሊት የሚያሳክክዎ ከሆነ ፍራሹን ይመርምሩ፦ ስፌቱንና የአልጋውን መጋጠሚያ በባትሪ ይዩ። ትንንሽ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ትኋን ነው። አንሶላውን በፈላ ውሃ ያጥቡ፣ ፍራሹን በጠራራ ፀሐይ ያስጡ፣ ስንጥቁን ይድፈኑ፤ ካልለቀቀ መርጨት ያስፈልጋል። ትኋን ያለበት ሰው ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች ቢሞክር ልፋቱ በከንቱ ነው።

የውሻ ጩኸትንና የድምፅ ማጉያን ማስቆም አይችሉም። ራስጌዎን ከመንገዱ ወይም ከመስኮቱ ተቃራኒ ያድርጉ፤ የጆሮ መድፈኛ ከተገኘ ይጠቀሙ። ስልክ ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ከእጅ ይውጣ።

አንድ ክፍል ውስጥ ለሚኖር ቤተሰብ አልጋው ሶፋም፣ የልጆች ማጥኛም ነው። እንዲህ ከሆነ ቀን ቀን ሌላ የአልጋ ልብስ ይደርቡበት፣ በግርጌው በኩል ብቻ ይቀመጡ፤ ማታ ያንን ልብስ አንስተው አጥፈው ያስቀምጡ። ትራስና ብርድ ልብስ የሚወጡት ለመኝታ ብቻ ይሁን።

ደረጃ 6፦ አልጋውን ለእንቅልፍ ብቻ ይለዩ

ለወራት አልጋ ላይ ሲገላበጥ የኖረ ሰው አልጋውን ሲያይ ይነቃል፤ ሶፋ ላይ ሲያንቀላፋ ቆይቶ ትራስ ሲነካ ዓይኑ ጥርት ይላል። ይህን ልማድ የሚሰብረው የሚከተለው ነው፦

1. እንቅልፍ ሳይመጣ አልጋ ላይ አይውጡ። ድካምና እንቅልፍ የተለያዩ ናቸው፤ ምልክቱ የዓይን ሽፋን መክበድና የጭንቅላት መውደቅ ነው።
2. 20 ደቂቃ ያህል ቆይተው ካልተኙ፣ ወይም መበሳጨት ከጀመሩ፣ ይነሱ። ጊዜውን በስሜት እንጂ በሰዓት አይለኩት።
3. ማታ ቀደም ብለው ባዘጋጁት ዱካ ወይም ወንበር ላይ፣ ጋቢ ለብሰው፣ በደብዛዛ ብርሃን ይቀመጡ። ዳዊት መድገም፣ መቁጠሪያ መያዝ፣ ቀስ ያለ የሹራብ ሥራ ይሆናል። ስልክ፣ ሒሳብ መሥራትና ዕቃ ማጠብ አይሆንም።
4. ዓይንዎ ሲከብድ ብቻ ይመለሱ። ካልተኙ እንደገና ይነሱ።
5. በመነሻ ሰዓትዎ ይነሱ።

*ሲበላሽ፦* ጋቢው ሳይዘጋጅ ሲቀር ብርዱን ፈርቶ አልጋ ውስጥ መቅረት የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ማታ ወንበሩ ላይ ያስቀምጡት። ልጆች አብረው ስለተኙ መነሳት የማይመች ከሆነ ትራሱን ግድግዳ አስደግፈው ቁጭ ይበሉ፤ ለመተኛት የሚጋደሙት እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ ይሁን። የመጀመሪያው ሳምንት ከበፊቱ የባሰ ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚያቆመውም በዚህ ሳምንት ነው።

ደረጃ 7፦ የአልጋ ሰዓትን ይቀንሱ

ከሁሉም ጠንካራው ይህ ነው፤ ከሁሉም ጥንቃቄ የሚሻውም ይኸው። የሚጥል በሽታ ወይም ከልክ ያለፈ የስሜት መዋዠቅ ያለብዎ፣ ነፍሰ ጡር የሆኑ፣ በእንቅልፍ ልብ የሚሄዱ፣ ወይም በሹፌርነትና በማሽን ላይ የሚሠሩ ከሆኑ ያለ ሐኪም አይሞክሩት።

ደብተርዎን ያውጡ። እንበል አንዲት መምህርት በየቀኑ ከምሽቱ 3 ሰዓት ትጋደማለች፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ትወርዳለች። አልጋ ላይ 10 ሰዓት ናት፤ በአማካይ የተኛችው ግን 6 ሰዓት ነው። አራቱ ሰዓት ጭንቀት የሚያድርበት ነው።

1. በአማካይ የተኙትን ሰዓት ይውሰዱ፤ የአልጋ ጊዜዎ ያ ብቻ ይሁን። ከ5 ሰዓት ተኩል በታች ግን ፈጽሞ አይውረዱ።
2. ከመነሻ ሰዓት ወደ ኋላ ይቁጠሩ። መምህርቷ 12 ሰዓት ላይ የምትነሳ ከሆነ የምትተኛው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ዓይኗ ቢከብድም ከዚያ በፊት አትጋደምም።
3. አንድ ሳምንት እንዲህ ይቆዩ። ከዚያ የተኙትን ሰዓት አልጋ ላይ ለቆዩበት ሰዓት አካፍለው በ100 ያባዙ። 5 ሰዓት ተኩል ለ6 ሲካፈል 92 ከመቶ ገደማ ነው።
4. ከ85 በላይ ከሆነ የመኝታውን ሰዓት በ15 ደቂቃ ያስቀድሙ፤ መምህርቷ 5 ሰዓት ከ45 ትገባለች። ከ80 በታች ከሆነ 15 ደቂቃ ያዘግዩ። በመካከል ከሆነ ሳይነኩ አንድ ሳምንት ይድገሙ።
5. ቀን ንቁ ሆነው እስኪውሉ ድረስ በየሳምንቱ ይቀጥሉ።

ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ምን ይሠራል? ይህን አስቀድመው ካላሰቡ ሶፋ ላይ ያንቀላፋሉ፤ ያ ሽልብታ ደግሞ ሁሉንም ያፈርሰዋል። ልብስ መተኮስ፣ የነገ ሽንኩርት መላጥ፣ ቆመው የሚሠሩት ማንኛውም ሥራ ይሁን። ቀን ማሸለብ ከፈለጉ ከ9 ሰዓት በፊት፣ ከ20 ደቂቃ ሳይበልጥ።

ደረጃ 8፦ ለሐሳብ ቀጠሮ ይስጡት

የቤት ኪራይ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የተጣላ ወንድም፤ ሁሉም ራስዎን ትራስ ላይ ሲያሳርፉ ይመጣል። ማታ 12 ሰዓት ላይ 15 ደቂቃ ቁጭ ብለው በአንድ ገጽ ላይ ለሁለት ይክፈሉት፦ በስተግራ የሚያስጨንቅዎ፣ በስተቀኝ ነገ የሚወስዱት ትንሹ እርምጃ። «አከራዩን ረቡዕ አናግራለሁ» ይበቃል። እርምጃ የሌለው ከሆነ «በእጄ አይደለም» ብለው ይጻፉበት። ሌሊት ሲመጣ ተጽፏል ብለው ያልፉታል።

ሲበላሽ ምን ይደረጋል?

*ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነቅተው የሚቀሩ ከሆነ።* መጀመሪያ አረቄውንና የከሰዓቱን ቡና ይመርምሩ፤ ቀጥሎ በጊዜ እየተጋደሙ እንደሆነ ይዩ። ከምሽቱ 2 ሰዓት የተኛ ሰው 9 ሰዓት ላይ ቢነቃ 7 ሰዓት ጨርሷል። ከዚህ ጋር ሐዘን፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና ነገር ሁሉ መሰልቸት ካለ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ይታከሙ።

*ዱካክ ሲጫንዎ።* ነቅተው፣ ዓይንዎ እያየ፣ መንቀሳቀስ አቅቶዎት ደረትዎ ላይ የሆነ ነገር የተቀመጠ ከመሰለዎ፣ ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል ጡንቻዎች ይታሰራሉና አእምሮ ከሰውነት ቀድሞ ነቅቷል ማለት ነው። በሰከንዶች ወይም በጥቂት ደቂቃዎች ይለቃል። ጣትዎን ወይም ምላስዎን ለማንቀሳቀስ ይሞክሩ፤ በጎንዎ ይተኙ። እንቅልፍ ባነሰና በጀርባ በተተኛ ቁጥር ይደጋገማል።

*የሌሊት ሥራ ካለብዎ።* ዘበኛም ነርስም ቢሆኑ ቡናውን በሥራው የመጀመሪያ አጋማሽ ላይ ይጨርሱ፤ እንደተመለሱ ክፍሉን በወፍራም መጋረጃ አጨልመው ይተኙ። በዕረፍት ቀንዎም የእንቅልፍዎ ከፊሉ ከዚያው ሰዓት ጋር እንዲገጥም ያድርጉ።

*ኪኒን።* ዳያዜፓም የተባለውን የማረጋጊያ ኪኒን ከሰው ተቀብለው አይውሰዱ። ሰውነት በሳምንታት ውስጥ ይለምደዋል፤ ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል፤ አረጋውያንን ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ይጥላቸዋል። ለረጅም ጊዜ የወሰዱት ከሆነም በድንገት አያቁሙ፤ ሰውነት ሊንቀጠቀጥና ሊጥልዎት ይችላል። ሐኪም ቀስ በቀስ ያወርድልዎታል። ለአለርጂ የሚሰጥ ኪኒን ለእንቅልፍ መዋጥም ጠዋት ያደነዝዛል እንጂ ሥር የሰደደውን አይፈታም።

ስምንቱን ደረጃ ለስድስት ሳምንት ጠብቀው ለውጥ ካላዩ ደብተሩን ይዘው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ከደብተሩ የመጨረሻ ሁለት ሳምንት ላይ ምልክት ያድርጉ፣ የመድኃኒቱን ፌስታል አይርሱ፣ አጠገብዎ የሚተኛው ሰው ስለ ማንኮራፋትዎና ስለ እግርዎ እንቅስቃሴ መናገር ይችል ዘንድ አብሮዎት ይግባ።